ዘካሪያስ ጠፈርን ሲያስጎበኝ

አርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ገበያ ጀርባ ጌም ቤት የነበረው ዘካሪያስ ውሸታም አልነበረም። ይህን ሚስቱ አገኘሽ ሳትቀር ትመሰክርለታለች፤ ስትመሰክር ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞርም። ዘካሪያስ የሌለ ነገር ከባዶ አይፈጥርም፤ ያለውን ይዞ ያሳድገዋል እንጂ። እንቁላል ቢሰጡት ዶሮ አድርጎ ይመልሳል። ዶሮ የሰጡት ቀን ግን እግዜር ይሁናችሁ።

ይህን አመል ያመጣው ከጫሞ ሐይቅ ነው። ኦቾሎ ተወልዶ፣ ለትምህርት ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ አጎቱ ቤት ካደገ በኋላ፣ ሐይቁ ላይ ጎብኚዎችን በሞተር ጀልባ እያዞረ አዞና ጉማሬ ማሳየት ጀመረ። ጀልባዋ ከመነሳቷ በፊት ተነስቶ ይቆምና "ዛሬ መቶ አዞ ታያላችሁ" ይላል። ከመቶው አሥራ ሁለቱ ከታዩ ጥሩ ቀን ነው፤ ከአሥራ ሁለቱም ሦስቱ ግንድ ናቸው። አንድ ፈረንጅ "አንበሳስ ከዚህ ይታያል?" ብሎ ሲጠይቀው "አይታይም" የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ትቀራለች። የጠያቂው ዓይን ያሳዝነዋል። ወደ ነጭ ሳር ፓርክ ኮረብታ ይጠቁምና "አንዳንድ ጊዜ..." ይላል። ፈረንጁ አንገቱን አስግጎ ኮረብታ ሲያይ ይውላል፤ አጠገቡ ጉማሬ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ ልብ አይልም። ጀልባ ነጂዎቹ በዚህ የተነሳ "መቶ አዞ" ብለው ሰየሙት።

ወገቡ ጀልባ ላይ መቀመጥን እምቢ ሲል ሥራውን ትቶ፣ በ2004 ዓ.ም. ሦስት ቴሌቪዥን ያለው ጌም ቤት ከፈተ። ደንበኞቹ የባጃጅ ነጂዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሙዝ ጭነው አራግፈው የሚያርፉ ጎረምሶች ነበሩ። ሁሉም ኳስ ብቻ ነው የሚጫወተው። ኳስ ደግሞ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ዘካሪያስም ያለ ሥራ የተቀመጠ አንደበት ይዞ በር ላይ ይውል ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ በ2006 ክረምት፣ ካሱ ስልኩን ይዞ መጣ። ካሱ ባጃጁን ከጌም ቤቱ ደጃፍ አቁሞ "ተሳፋሪ ሲመጣ ጥሩኝ" እያለ ሲጫወት የሚውል ልጅ ነው። ተሳፋሪ ሲመጣም አይሰማም።

"ዘኪ፣ ይቺን ተርጉምልኝ" አለው።

ስልኩ ላይ ጢሙን ያሳደገ ወጣት ፈረንጅ ስለ አንድ ገና ያልተሠራ ጌም ያወራል። ከጎኑ ሥዕሉ ይታያል፤ ብርቱካንማ ሣር ካለበት ሜዳ ላይ ትንሽ መንኮራኩር ትነሳለች፣ ደመናውን ትበሳለች፣ ጥቁሩ ጠፈር ውስጥ ትገባለች፣ ሳትቆም ደግሞ ሌላ ዓለም ላይ ታርፋለች። ዓሣው ይዋኛል፤ ረጅም አንገት ያለው እንስሳ ዛፍ ይነቀንቃል።

"ኮከቦቹ ስንት ናቸው ነው የሚለው?" አለ ካሱ።

ዘካሪያስ በጀልባ እንግሊዝኛው አዳመጠ። "ቁጥር የላቸውም ነው የሚለው። አንተ፣ ልጅህ፣ የልጅ ልጅህ ተቀባብላችሁ ብትጫወቱ አትጨርሱትም። ሁሉም ኮከብ የራሱ እንስሳ፣ የራሱ አየር አለው።"

ጠያቂዋ ጋዜጠኛ ሰውየውን አንድ ነገር አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ ትንሽ ካሰበ በኋላ መለሰላት።

"ምን አለችው?"

"ሁለት ሰዎች እዚያ ውስጥ መገናኘት ይችላሉ ወይ አለችው።"

"እሱስ?"

ሰውየው ያለው "አዎ፣ ግን ጠፈሩ በጣም ሰፊ ስለሆነ መገጣጠሙ ከባድ ነው" የሚል ነገር ነው። ዘካሪያስ የካሱን ፊት አየ። "ይገናኛሉ አለ" ብሎ ተረጎመ።

የዚያን ሰው ፈገግታ የሆነ ቦታ የሚያውቀው መስሎት ነበር። የት እንደሆነ ግን አልመጣለትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘካሪያስ ሥራ አገኘ። ጌሙ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ሁለቱን ዓመት ሙሉ ጠፈርን አስጎበኘ። መጀመሪያ የተናገረው ቪዲዮው ላይ ያየውን ብቻ ነው። ሰው ግን ይጠይቃል፣ የጠየቀውም ሰው ዓይን አለው። ሙዝ ጫኙ "ጉማሬ አለው?" ሲለው "የሚበር አለው" አለ። አንዱ ተማሪ "ጦርነትስ?" ሲለው "ጦርነቱ ራሱ አንድ ወር ይፈጃል" አለ። ካሱ ደግሞ በሹክሹክታ "ሚስት ማግባትስ ይቻላል?" ብሎ ጠየቀው። ካሱ ያኔ የወደዳት ልጅ እምቢ ብላው ነበር። ዘካሪያስ እንዴት "አይቻልም" ይበለው? "ከሁለት ኮከብ ሁለት" አለው።

ጌሙ ሊወጣ ከተባለበት ቀን ተራዝሞ ሲቀር ሰው ተናደደ። ዘካሪያስ ግን "ድስቱ ትልቅ ሲሆን መቀቀያ ጊዜውም ይረዝማል" አላቸው። መራዘሙ ራሱ ተስፋቸውን አሳደገው።

ሴቻ፣ ዳገቱ ላይ ባለው የከተማው ክፍል፣ ሌላ ጌም ቤት አለ። እዚያ የሚጫወተው አሸናፊ የሚባል የካሱ ባላንጣ ነው። ሲቀላና ሴቻ በኳስ መበሻሸቅ የጀመሩበትን ዘመን የሚያስታውስ የለም። ሁለቱ ልጆች ጌሙ ሲመጣ ጠፈር ላይ ለመገናኘት ተማማሉ፤ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ።

በነሐሴ 2008 መጨረሻ፣ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ የሄደ አይሱዙ ሁለት ዲስክ ይዞ ተመለሰ፤ አንዱ ለሲቀላ፣ አንዱ ለሴቻ። ዘካሪያስ ሞተር ሳይክሉን ሸጦ አዲሱን ማሽን አስቀድሞ ገዝቷል። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ጢም አለ፤ ውስጥ ያልገባ በመስኮት ተንጠለጠለ። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ አስተማሪ አቶ ጌታነህ ሳይቀሩ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ከተማው ውስጥ ያላስተማሩት ሰው የለም፤ ዘካሪያስንም አስተምረውታል።

ጆይስቲኩ ለካሱ ተሰጠ።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተአምር ነበር። ሐምራዊ ሣር፣ ሦስት ጨረቃ፣ የእንቁራሪት ራስና የፍየል እግር ያለው እንስሳ። ካሱ እንስሳውን ሲያይ "ወይኔ!" አለ፤ ቤቱም አብሮ "ወይኔ!" አለ። ዘካሪያስ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ጠፈሩን ራሱ ያበጃጀው ይመስል ደረቱን ነፋ።

በሁለተኛው ሰዓት ካሱ ድንጋይ መቆፈር ጀመረ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለ አንዱ በመስኮት።

"ድንጋይ እየቆፈርኩ።"

"ለምን?"

"ነዳጅ ይሆናል።"

"ነዳጁስ?"

"ወደ ሌላ ኮከብ ልሄድበት።"

"እዚያስ ምን አለ?"

ካሱ ነዳጁን ሞላ። ወደዚያኛው ኮከብ በረረ፣ አረፈ፣ ወረደ። "ድንጋይ አለ" አለ።

"ድንጋይማ ኦቾሎም ሞልቷል!" ሲል አንዱ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኦቾሎ አለት ላይ የተቀመጠ ቀበሌ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዘካሪያስ ብቻ አልሳቀም።

አራተኛው ኮከብ ላይ እንቁራሪቱ ተመለሰ። አሁን ራሱ የፍየል፣ እግሩ የእንቁራሪት ሆኗል፤ ቀለሙም አረንጓዴ ነው። የሚበር ጉማሬ አልታየም። ጦርነት የተባለው ሁለት ሽፍታ መንኮራኩር መጥቶ መሄድ ሆነ። በየኮከቡ አንድ አንድ ባይተዋር ነጋዴ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሟል፤ የሚለው ነገር አይገባም፣ ከቦታውም አይነቃነቅም።

በዚህ መሃል አገኘሽ ባሏን ለምሳ ልትጠራ መጣች። አገኘሽ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ናት። በሰው ትከሻ መሃል አሻግራ ቴሌቪዥኑን አየች፣ ቆየት ብላም አምስተኛውን ኮከብ አየች።

"ጥለቱ አንድ ነው" አለች። "ክሩን ነው የቀያየሩት።"

"ምን ማለትሽ ነው?" አለ ዘካሪያስ።

"አባቴ በአራት ቀለም ክር አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል መቶ ጋቢ ይሠራልሃል። መቶዎቹም ልዩ ልዩ ናቸው። ግን አንዱን የለበሰ ሰው ሁለተኛው ይናፍቀዋል እንዴ? በል ና፣ ምሳው ቀዘቀዘ።"

ከዚያ በኋላ ሰው አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ።

ካሱና አሸናፊ ግን መሐላ ነበረባቸው። ሌላው ቢቀር መገናኘቱ አለ። ሁለቱም ቤቶች ኢንተርኔት አስገጥመው፣ ልጆቹ በስልክ እየተነጋገሩ ሦስት ቀን ድንጋይ ቆፈሩ፣ ነዳጅ ሞሉ፣ በረሩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም አንድ ኮከብ ላይ አረፉ። ስሙ አንድ፣ ሰማዩ አንድ። ወሬው ተሰምቶ ሲቀላም ሴቻም እንደገና ሰው ሞላ። ካሱ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ቴሌቪዥኑ ላይ አስደገፈው።

"አሼ፣ ደርሰሃል?"

"ደርሻለሁ። የት ነህ?"

"ቀዩ ቋጥኝ ሥር። እንደ ዶርዜ ቤት የሆነው።"

"እኔም እሱ ሥር ነኝ!"

"በየት በኩል?"

"በበሩ በኩል።"

"ቋጥኝ በር አለው እንዴ አንተ!"

"በጥላው በኩል ማለቴ ነው!"

"እኔም ጥላው ላይ ቆሜያለሁ። እጅህን አንሳ።"

"እጅ ማንሻ የለውም። ዝለል!"

"እየዘለልኩ ነው!"

"እኔም እየዘለልኩ ነው!"

ሲቀላ ሠላሳ ሰው፣ ሴቻ ሠላሳ ሰው፣ ባዶ ጥላ ላይ አፍጥጠው ቀሩ። ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን እየዘለሉ፣ አንዱ ላንዱ አልነበረም።

ካሱ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ወጣ። ባጃጁን አስነስቶ ዳገቱን ተያያዘው። የሴቻው ስልክ አልተዘጋም ነበርና፣ ሲቀላ የቀሩት ሰዎች ባጃጁ ስትደርስ፣ በሩ ሲከፈት፣ ከዚያም የካሱን ድምፅ ሰሙ፦

"ይኸው ተገናኘን።"

ትከሻ በጥፊ ሲመታ ተሰማ። ሳቅ ፈነዳ። ከሳቁ በኋላ ደግሞ አሸናፊ "ይሄን ሁሉ ያወራልህ ማነው?" ሲል ተሰማ። ይህን ሲሰማ ዘካሪያስ ለምሳ ቤት ለመሄድ ተነሳ፤ ሰዓቱ አሥር ሆኖ እያለ።

አላመለጠም። ባጃጇ ለሦስት ሰው የተሠራች ብትሆንም ዘጠኝ ጭና ወረደች። ካሱ በሩ ላይ ቆሞ "ዘኪ፣ ድብድብ የለም፤ የጋሞ ልጆች ነን። ዱቡሻ ግን ትቀመጣለህ" አለው። አገር ቤት ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ጠብ የሚያበርዱበትን ሜዳ ማለቱ ነው። ሲቀላ ውስጥ ሜዳ ስለሌለ፣ ከጌም ቤቱ ፊት ያለውን የማንጎ ጥላ ዱቡሻ አደረጉት። ለዳኝነት አቶ ጌታነህ ተለመኑ። እሳቸውም ጃንጥላቸውን ምርኩዝ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ለየብቻ እንየው" አሉ። "የተባለው ሁሉ ይነገር። አንተ ደግሞ ከፈረንጁ ነው ከራስህ ብለህ ትመልሳለህ።"

"እሺ ቲቸር።"

"የሚበር ጉማሬ?" አለ ሙዝ ጫኙ።

"የእኔ ነው።"

"የአንድ ወር ጦርነት?"

"ጦርነቱ የሰውየው፣ ወሩ የእኔ።"

"ሚስት ማግባት?" አለ ካሱ ወደ መሬት እያየ።

"የእኔ። ግን ቲቸር፣ ሲጠይቀኝ ፊቱን አይተውት ቢሆን እርስዎም ይድሩት ነበር።"

ሳቁ ሲበርድ አሸናፊ ተነሳ። "መገናኘቱስ? ሦስት ቀን ድንጋይ ያስቆፈረን?"

የሰውየው ፈገግታ፣ ያ ሁለት ዓመት ሙሉ የት እንደሚያውቀው የጠፋበት፣ አሁን ድቅን አለበት።

"እሱ የሰውየው ነው" አለ። "ግን ልንገራችሁ፤ ውሸታም አይደለም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ጀልባ ላይ አሥር ዓመት የኖርኩት ኑሮ ነው። አንበሳ አለ ወይ ይሉሃል። የለም ብትል ጀልባዋ ሳትነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። አንዳንድ ጊዜ ትላለህ። አንዳንድ ጊዜ ያልከውን እነሱ ሁልጊዜ ብለው ይሰሙታል፣ አንተም አታርማቸውም። ይሄ ሰውዬ ምናልባት ሊሠራው አስቦ ነበር። እንዳልደረሰለት ሲያውቅ ግን፣ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ተነስቶ አልደረሰም ማለት ነበረበት። አቃተው። እኔንም አቅቶኛል።"

ዘካሪያስ ሳይጨምር ሲናገር ሰው ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር፤ ግራ ገባቸው።

አቶ ጌታነህ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ጫር ጫር አደረጉ። "የሰውየው ጥፋት ታውቋል፣ የዘካሪያስም ታውቋል። ሦስተኛው ጥፋተኛ እናንተ ናችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጌሙን በጭንቅላታችሁ ስትጫወቱት ከረማችሁ። ጭንቅላት ውስጥ ድንጋይ መቆፈር የለም። ማንም ምንም ሳይላችሁ ድንገት ቢመጣላችሁ፣ ያን ሐምራዊ ሣር ዓመት ሙሉ ታወሩት ነበር።"

"ቲቸር፣ ድንጋይ መቆፈሩስ?" አለ ካሱ።

"ድንጋዩማ የጌሙ ጥፋት ነው" አሉ። "እሱን ማንም አያስተባብልም።"

ፍርዱ ተሰጠ። ዘካሪያስ እስከ ጥቅምት ድረስ ስለ ምንም ጌም ምንም እንዳይናገር። ሰው "ጥሩ ነው?" ቢለው "ቁጭ ብለህ እየው" ከሚለው ሌላ ቃል እንዳይወጣው። አንዱ ከቦዩ ዳር በጋሞ ወግ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነቅሎ አመጣ፤ ካሱና አሸናፊ ለዘካሪያስ አስጨበጡት፣ ታረቁ።

ቅጣቱ ግርፋት ቢሆን ይሻለው ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አገኘሽ ቤቷ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰማችና ለካ እንዲህ ያምር ኖሯል አለች። ጸሎት ቤት ሄዳ አመሰገነች። በሁለተኛው ሳምንት ባሏ ግድግዳ እያየ ሲቀመጥ፣ ያው ጸሎት ቤት ተመልሳ እንዲጸልዩለት ጠየቀች።

የጠፈሩ ዲስክ ግን አቧራ አልጠጣም። ጠዋት ጠዋት፣ ጎረምሶቹ ሳይመጡ፣ አቶ ጌታነህ ብቻቸውን እየመጡ ይጫወቱት ጀመር። ለአርባ ዓመት ያህል ተራራና ሸለቆ በጠመኔ ሲስሉ ኖረዋል፤ አሁን ከሰው ጩኸት ርቀው ይራመዱበታል። ለሚያገኙት ኮከብ ስም ማውጣት ስለሚቻል በቀድሞ ተማሪዎቻቸው ስም ይሰይማሉ። ሣር ለለበሰው የጎበዝ ተማሪ ስም፣ በረዶ ለሆነው የሰነፍ። ነፋሱ የማያቋርጥ፣ ሰማዩ አሲድ የሚያዘንብ አንድ ኮከብ ሲያገኙ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አሰቡና "ዘካሪያስ፣ ስምንተኛ ሀ" ብለው ጻፉበት። ባለስሙ ከኋላቸው ቆሞ አነበበው። መናገር አይችልም፤ ፍርድ አለበት።

መስቀል ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ሽመና የሚሠሩ የጋሞ ልጆች ለበዓል በየአውቶቡሱ ይገቡ ጀመር። ከእነሱ አንዱ አዲሱን የኳስ ጌም ይዞለት መጣ። ካሱ ወዲያው በሩ ላይ ተገኘ።

"ዘኪ፣ ጥሩ ነው?"

ዘካሪያስ አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ተገተረ። "ቁጭ ብለህ እየው" አለ።

ካሱ ሥራ ስለነበረበት አልተቀመጠም። ባጃጁ ላይ ሆኖ ግን ለተሳፋሪው ሁሉ ነገረ፦ ዘኪን አፉን ያዘጋ ጌም መጥቷል። ጠፈርን ሁለት ዓመት ያወራ ሰው፣ ስለዚህኛው ቃል አጥቷል። ተሳፋሪው ለሴቻ ነገረ፣ ሴቻ ለዩኒቨርሲቲ ነገረ። የመስቀል ማግስት ዶርዜ ድረስ ወሬው ወጥቶ፣ በዓል ላይ ቁርጥ የጠገቡ ጎረምሶች በአይሱዙ ተጭነው ወረዱ። የማንጎው ጥላ አልበቃ አለ።

ጌሙ ተከፈተ። ያምናው ኳስ ነው። ማልያው ተቀይሯል፤ ተጫዋቾቹ ትንሽ ላብ ተጨምሮላቸዋል።

"ይሄ ነው?" አለ አሸናፊ።

ሁሉም ወደ ዘካሪያስ ዞረ። ዘካሪያስ እጁን ዘረጋ። "እኔ ምን አልኩ?"

ምንም አላለም። ይህን ማንም ሊክድ አልቻለም፤ መናደዱ ግን አልቀረም። ነገሩ ወደ አቶ ጌታነህ ተወሰደ። እሳቸውም ሁሉንም ሰምተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሸሚዛቸው ላይ ጠረጉት።

"ፍርዱን አንስቻለሁ" አሉ። "አንተ ሰው፣ ዝም ከምትል ብታወራ ይሻለናል። ወሬህን ቢያንስ ልኩን እናውቀዋለን፤ ግማሹን ጥለን ግማሹን እንይዛለን። ዝምታህን ግን በምን እንለካዋለን?"

ዘካሪያስ ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ወር ያህል የታፈነ ነገር ስለነበረ መጀመሪያ ሳል ብቻ ወጣ። ከዚያ አንድ ወንበር ላይ አንድ እግሩን አሳረፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይሄኛውን ተዉት" አለ። "የሚመጣው ዓመት ላይ ስለሚወጣው ሰምታችኋል?"

አሸናፊ "ጀመረ ደግሞ" አለ። ካሱ ግን ባጃጁን አጥፍቶ ገባ። የዶርዜዎቹ ልጆች ተጠጉ። ሙዝ ጫኙ ለአቶ ጌታነህ ወንበር ሳበላቸው፤ እሳቸውም ሊሄዱ የዘረጉትን ጃንጥላ መልሰው አጠፉና ተቀመጡ።